ሽምብራ በሲኒ፦ ሽንቱ የተዘጋበት የአንድ የድሬዳዋ ድመት ጉዳይ

መነሻ

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ድመቱ እንደሞተበት ነገረኝ። «ሆዱ ደርቆበት ሁለት ቀን ሲያምጥ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሞቶ አገኘሁት» አለኝ። ወንድ ነበር ወይ አልኩት። ነበር። የሚሸናበት አሸዋ ላይ እየወጣ እየወረደ ነበር ወይ አልኩት። «አዎ፣ እንዴት አወቅክ?» አለኝ። ሌላ አልጠየቅኩትም።

ያንን ድመት አላየሁትምና በምን እንደሞተ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። የነገረኝ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ቤት ካየሁት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የጎረቤቴ ድመት ተርፏል። እንዴት እንደተረፈና ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሽንቱ እንዴት እየታየ እንደሆነ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው። የሰው ስም አልጠቅስም።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው የሰው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሽንት መመርመር የዕለት እንጀራዬ ነው። ይህ ሙያ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አንዳንዴ ጠቀመ፣ አንዳንዴ አሳሳተ። ሁለቱንም አወራለሁ።

ቤቱና ድመቱ

ቤቱ ድሬዳዋ ከዚራ ነው። የድመቱ ባለቤት 60ዎቹን ያጋመሱ ባልቴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። እሳቸው በበኩላቸው በድሬ ወግ ሕፃኑንም ሐኪሙንም «አንተ» ነው የሚሉት። ድመቱ በቀለሙ ዳማ ይባላል። ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ክብደቱ 4 ኪሎ ተኩል።

ምግቡ ልጃቸው እዚያው ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ የሚያመጣለት ደረቅ የድመት ምግብ ነው። አልፎ አልፎ የሥጋ ትርፍራፊ ይጣልለታል። ውሃው ምግቡ አጠገብ በአንዲት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል። የሚሸናው ከደቻቱ ወንዝ በመጣ አሸዋ የተሞላ ሳፋ ላይ ነው። ጊዜው ግንቦት ነበር። የድሬን ግንቦት ለማያውቅ፦ ቀን ቀን 35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ውሃ እኩለ ቀን ላይ ለብ ይላል።

ድመት አፈጣጠሩ የደረቅ አገር ነው። የቤት ድመት የዘር ሐረግ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ይመዘዛል። ጥቂት ጠጥቶ፣ ሽንቱን አወፍሮ መኖር ይችላል። አይጥ ሲበላ ውሃውንም አብሮ ከአይጡ ሥጋ ያገኛል። ደረቅ ምግብ ግን ከመቶ 10 እጅ ገደማው ብቻ ነው ውሃ። እንዲህ ያለ እንስሳ ቶሎ አይጠማውም፤ ዳማም አልጠማውም። ሽንቱ እየወፈረ መሄዱን ያወቀ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን

ማክሰኞ ጠዋት እማማ በግንቡ ላይ ጠሩኝ። «ዳማ ሆዱ ደርቋል። ከንጋት ጀምሮ አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብሎ ያምጣል» አሉ። ዘይት አጠጥተውት ነበር።

ሄጄ አየሁት። አሸዋው ላይ ወጣ፣ ጫር ጫር አደረገ፣ ቁጢጥ አለ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ። ምንም የለም። ወረደና ብልቱን ላሰ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ወጣ። ቀጥሎ ሲሚንቶው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ሲነሳ ወለሉ ላይ ሮዝ ያለች አንዲት ጠብታ ቀረች።

ያቺን ጠብታ በየቀኑ በብርጭቆ የማይ ሰው ነኝ። እሷን አይቼ «ቁስል ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያን ጠዋት በትክክል ያደረግኩት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤት ሕመሙን እንዲያስታግስለት ግማሽ ፓራሲታሞል ይሰጠው አለች። እሱን ከለከልኩ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ ሰው ጉበት ማስወገድ አይችልም። ግማሽ እንክብል እንኳ ሊገድለው ይችላል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ከፍየልና ከግመል ጋር ሲታገል የዋለ ሰው ነው። ሆዱን ሳይዳብሰው «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ አንድ መርፌ ወጋውና ሰደደን። እኛም ተነፈስን። መርፌ ሲወጋ አገሬው ሁሉ እፎይ ይላል።

ሌሊቱ

ማታ አስታወከ። አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። ድምፁም ተለወጠ፤ ጉሮሮው ውስጥ የሚቀር ማቃሰት ሆነ። ጎትቼ አወጣሁትና እጄን ከሆዱ ሥር ሰደድኩ። ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ብርቱካን የሚያህል፣ ክብ፣ ጠንካራ ነገር ዳሰስኩ። ሳልጫነው ጮኸ።

ያኔ ነው የገባኝ። ፊኛው ነው። ሞልቶ መውጫ አጥቷል።

የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ወደ ብልቱ ጫፍ ሲቃረብ በጣም ይጠባል። ትንሽ ንፍጥ ከደቃቅ ክሪስታል ጋር ሲቀላቀል እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ሴት ድመት ቱቦዋ አጭርና ሰፊ ስለሆነ እንዲህ መዘጋቷ ብርቅ ነው። ሽንት ካልወጣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። በሽንት መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ፖታሲየም ሲበዛ ልብ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ይህ ሁሉ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ሌላ የእንስሳት ሐኪም በስልክ አገኘን። መጀመሪያ ያለን «እንዳትጫኑት፤ ሊፈነዳ ይችላል» ነው። በባጃጅ ስንደርስ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ዳማ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሸና የታየው ሰኞ ማታ ነው። ከ24 ሰዓት በላይ ሆኖታል።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አሳርፎ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። በደቂቃ 110። ለእኛ ብዙ ይመስላል። ክሊኒክ የገባ፣ የፈራ ድመት ግን 180 እና 200 መምታት አለበት። «ፖታሲየሙ ደሙ ውስጥ ከፍ ብሏል፤ ላብራቶሪ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም» አለ። የእማማ ልጅ በዚያው ባጃጅ ከሰው ፋርማሲ ካልሲየም ግሉኮኔት አመጣ። ካልሲየሙ ፖታሲየሙን አያወርድም፤ ልቡን ለጊዜው ይጠብቃል።

ለድመት ተብሎ የተሠራ ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ማውጫ ቱቦ፣ አልነበረውም። የሰው ካኑላ ፈታና መርፌውን አውጥቶ ለስላሳውን ፕላስቲክ ብቻ ያዘ። ድመቱን አደንዝዞ የብልቱን ጫፍ በጣቱ ቀስ እያለ አሸ፤ ፕላስቲኩን አስገብቶ በጨው ውሃ ገፋ። አንዴ ገፋ፣ ሁለቴ ገፋ። በሦስተኛው የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ወጣች። በጣቴ ዳበስኳት፤ አሸዋ አሸዋ ትላለች። ከዚያ ለሕፃናት የሚሆነውን ቀጭን የመመገቢያ ቱቦ አስገባ። ሽንቱ እንደ ከርከዴ ቀልቶ ወረደ።

እማማ ጥግ ላይ ቆመው ነበር። «አቦ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነበር?» አሉ።

ሁለት ቀን ተኝቶ ታከመ። ቤተሰቡ «ጉሉኮስ ተተከለለት» ይላል፤ የጨው ውሃ ነበር። ይሄ ፈሳሽ ዋና ነገር ነው። መዘጋቱ ሲለቅ ኩላሊት ብዙ ውሃ ያፈሳል፤ ካልተተካ ድመቱ በድርቀት ይወድቃል።

በቱቦው ከወጣው ሽንት ትንሽ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ስትሩቫይት ክሪስታል ሞልቶታል። ትምህርት ቤት «የሬሳ ሣጥን ክዳን ይመስላል» ብለው ያስተማሩን ነው። የሽንቱ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) 8 ነበር። ስትሩቫይት ከማግኒዚየም፣ ከአሞኒየምና ከፎስፌት ይሠራል። በወፈረና ፒኤቹ ከፍ ባለ ሽንት ውስጥ ይመቸዋል።

ሲኒዎቹ

ሐኪሙ ሲያሰናብተን ብዙ አልተናገረም። «አንዴ የተዘጋ ድመት ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሸና ቁጠሩ። ጤነኛ ድመት ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይሸናል» አለ።

እኔ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ ቀለም። በሰንበቱ ብመለከት ባዶ ነው። እማማ መጻፍ አይሆንላቸውም፤ እኔም ይህን ሳልጠይቅ ነው ሠንጠረዥ ያሰመርኩት። እሳቸው ግን ቆጥረው ነበር። ከረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ አንስተው መስኮት ላይ አስቀምጠዋል። በአንደኛው ሲኒ ሽምብራና ምስር፣ በሌላው ባቄላ። ሎሚ የሚያህል የረጠበ ጓል ካገኙ ሽምብራ ይጥላሉ። ጓሉ ትንሽ ከሆነ ምስር። ባቄላው ለዓይነ ምድር ነው። ማታ ቆጥረው ይገለብጡታል።

ሠንጠረዤን ቀደድኩት። የባቄላው ሲኒ በተለይ ገረመኝ። «ሆዱ ነው ወይስ ሽንቱ?» የሚለውን፣ ያን ማክሰኞ ሙሉ ቀን የበላብንን ጥያቄ፣ በአንድ እይታ ይመልሳል።

አንድ ቅዳሜ ሲኒው ባዶ ሆኖ ተገኘና ቤቱ ተሸበረ። ሽምብራው የተቆላ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ነው የሚጠቀሙት።

አሸዋውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በውጭ አገር ሲረጥብ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ የድመት አሸዋ ይሸጣል፤ እዚህ ማግኘት ቀላል አይደለም። የደቻቱ አሸዋ እንዳለ ሲሆን ሽንቱ በድንጋዮቹ መሃል ሰርጎ ይጠፋል። በወንፊት ሲነፋ ግን ደቃቁ ክብ ጓል ይሠራል። ጥልቀቱ አራት ጣት ያህል ካልሆነ ጓሉ ሳፋው ላይ ይለጠፋል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ጓሉ ቶሎ ደርቆ ይፈርሳል። በቀን አንዴ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝም። እማማ ከጠዋት ቡና በፊት፣ ከምሳ በኋላና ማታ ያያሉ። ጓሉን በቀዳዳ ጭልፋ አውጥተው ይጥሉታል፤ ካልጣሉት ሁለቴ ይቆጠራል።

ያልሠሩ ነገሮች፣ አብዛኞቹ የኔ

ሽንቱን በሚሊ ሊትር ለመለካት ፈለግኩ። አንድ ሳፋ ሥሩን በስቼ ውስጡ ታጥቦ የደረቀ ጠጠር አደረግኩ። ከሥሩ ሌላ ሳፋ። ሽንቱ ጠጠሩን አልፎ ይጠራቀማል፣ በሲሪንጅ እለካለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዳማ ግን ጠጠር አልወደደም። አሸተተው፣ ዙሪያውን ዞረ፣ ሄደ። አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይሸና አደረ። ሊዘጋ የሚችልን ድመት ሽንት እንዲይዝ ማድረግ ምን ይሉታል? አሸዋውን መለስን። ጠጠሩ አሁን የሚወጣው ናሙና ሲያስፈልግ ብቻ ነው። አጠገቡ አሸዋው ይቀመጣል፤ ምርጫው የሱ ነው።

ቀጥሎ የሰው ሽንት ስትሪፕ አመጣሁ፤ ሽንት ሲነካቸው ቀለማቸው የሚለወጥ ትንንሽ ሰሌዳዎች ያሉት መመርመሪያ ነው። የነጭ የደም ሴል ሰሌዳው ድምቅ ያለ ወይን ጠጅ ሆነ። ኢንፌክሽን ነው ብዬ ለሐኪሙ ደወልኩ። ሳቀ። ያ ሰሌዳ ለድመት አይሠራም፤ የጤነኛ ድመት ሽንትም እንዲሁ ወይን ጠጅ ሊያደርገው ይችላል። የናይትራይትና የሽንት ውፍረት ሰሌዳዎቹም ለድመት አይታመኑም። የሚጠቅሙት ፒኤች፣ ደም፣ ስኳርና ፕሮቲን ናቸው። ደግሞም በወጣት ድመት አብዛኛው የፊኛ ሕመም ባክቴሪያ የለበትም። ያ የመጀመሪያው መርፌ ከጅምሩም ቦታው አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛው ስህተት ይብሳል። በሐምሌ አንድ ናሙና ክሪስታል ሞልቶት አገኘሁ። እማማ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ኋላ ሳስበው ናሙናውን ጠዋት ወስጄ ፍሪጅ አስቀምጬ ከሰዓት ነው ያየሁት። ሽንት ሲቀዘቅዝና ሲቆይ በራሱ ክሪስታል ይሠራል። ይህን ለተማሪዎች የማስረዳ ሰው ነኝ! በማግስቱ ገና እንደሸና ወስጄ ወዲያው አየሁት። እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ነበሩ።

ውሃው

እማማ መጀመሪያ የጠረጠሩት የድሬን ውሃ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ እንደሚጋገር ሁላችንም እናውቃለን። ለድመቱ የታሸገ ውሃ መግዛት ጀመሩ። ሐኪሙ ግን «የውሃው ዓይነት አያሳስበኝም፤ ብዛቱ ነው» አላቸው። ገንዘባቸውን አተረፈላቸው።

ብዛቱን ማወቅ ደግሞ እዚህ ከተማ ቀላል አይደለም። ጠዋት 300 ሚሊ ሊትር ሞልተን ማታ ብንለካ 190 ቀረ። 110 ጠጣ ብለን ደስ አለን። ከዚያ ሌላ እኩል ጎድጓዳ አጠገቡ አድርጌ በወንፊት ከደንኩት፤ ማንም እንዳይጠጣው። ማታ ከሱ 50 ጎድሏል። ፀሐይዋ ጠጥታዋለች። ዳማ የጠጣው 60 ብቻ ነው።

አንድ ድመት በቀን በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ከምግቡ የሚያገኘው ተደምሮ። ለዳማ 225 መሆኑ ነው። ጠጥቶ እንደማይሞላው ግልጽ ሆነ። ስለዚህ ውሃውን ምግቡ ውስጥ ከተትነው። ደረቁን ምግብ በእኩል ውሃ እናርሰዋለን። በሙቀቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ትንሽ ትንሽ አምስት ጊዜ ይቀርባል፤ ሳይበላ የተረፈው ይደፋል። ማታ ጨው ያልገባበት የሥጋ መረቅ ይጨመርለታል። ወጥ ቀረ፤ ሽንኩርት የድመትን ደም ያፈርሳል። ሥጋ ብቻ መስጠትም አይሆንም፤ ያልተሟላ ምግብ ነው።

ጎድጓዳዋም ከምግቡ ራቀች። ሦስት ሆነች። አንዷ የሸክላ ናት፤ ሸክላ ውሃ ያቀዘቅዛል። ዳማ እሷን ነው የሚወደው።

በሁለት ወር ውስጥ ፒኤቹ 6.5 ሆነ። ከፒኤቹ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ሲኒው ነው። በቀን ሁለት የነበረው ሽምብራ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆነ።

ሁለተኛው ዙር

ጥር ላይ አጠገባቸው ሠርግ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ስፒከር ተደረደረ። ለወንበር ቦታ እንዲሆን የአሸዋው ሳፋ ከሮቶው ጀርባ ተወሰደ። ማንም ልብ አላለም።

እሑድ ከምሳ በኋላ እማማ በግንቡ ጠሩኝ። «ና እስቲ ሲኒውን እይ።» ስድስት ምስር። ሽምብራ አንድም የለም።

ይህን ጊዜ ማንም ስለ ሆድ ድርቀት አላወራም። ባቄላው ቦታው ላይ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባጃጅ ውስጥ ነን። ሐኪሙ ዳበሰው፤ ፊኛው ትንሽና ለስላሳ ነው። አልተዘጋም። ጭንቀት የሚቀሰቅሰው የፊኛ መቆጣት ነው አለ። ለድመት የሚሆን ማስታገሻ ሰጠው፤ ፀረ ተህዋስ አልሰጠም። ሳፋው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ዳማም ከጫጫታው ራቅ ያለ ክፍል ተዘጋጀለት። በአራተኛው ቀን ሽምብራው ተመለሰ።

በግንቦት ከ24 ሰዓት በላይ የፈጀብን ነገር በጥር ግማሽ ቀን አልሞላውም። በሕክምናው በኩል የተለወጠ ነገር የለም። ሐኪሙ ያው፣ ባጃጁ ያው።

ለሌላ ቤት የሚተርፍ

ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ ወጥቶ ካልወጣለት፣ ከሽንቱ ጀምሩ። ሆድ ድርቀት ሁለተኛ ግምት ይሁን። ምንም ሳይሸና ግማሽ ቀን ከሆነውና እያማጠ ከሆነ «ነገ እናያለን» አይባልም፣ ሌሊትም ቢሆን። ካስታወከና ከደበዘዘ ጊዜው እያለቀ ነው።

ሐኪሙ ሆዱን ካልዳበሰ ጠይቁት። «ፊኛውን ታይልኛለህ?» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያን ከሰዓት አፍሬ ዝም አልኩ።

ከስትሪፑም ከማይክሮስኮፑም በፊት ቁጥሩ ይቅደም። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ግን ድመቱ ደኅና እያለ ከተጀመረ ነው። ዳማ በደኅና ቀኑ ሦስት እንደሚሸና ባይታወቅ ኖሮ ስድስት ምስር ለማንም ምንም አይነግርም ነበር። የሚቆጥረውም ሰው በቀን ሦስቴ አሸዋውን የሚያየው ይሁን፤ በሚመቸው መንገድ ይቁጠር።

ሁለት ድመት ያለበት ቤት ይህ ዘዴ ይቸግራል፤ የማን ጓል እንደሆነ አይለይም። ቢያንስ ሳፋው ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ጥርጣሬ ሲመጣ ወንዱን ለብቻው ከሳፋው ጋር ዘግቶ ማየት ነው።

አሁን

ዳማ ሰባት ዓመቱ ነው። ደግሞ አልተዘጋም።

ባለፈው ሳምንት እማማ እንደገና ጠሩኝ። ሲኒው ውስጥ እስከ ማታ አንድ ሽምብራ ብቻ። ሆዱን ዳበስኩ፤ ባዶ ነው፣ አያመውም፣ ይበላል። ግራ ገባን። በማግስቱ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ተከተለው። ማዶ ቤት እየተሠራ ነው፤ በር ላይ አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ተራግፏል። ዳማ ጫፉ ላይ ወጥቶ ተዝናንቶ ይሸናል።

እማማ አሁን ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጭልፋቸውን ይዘው ማዶ ይሻገራሉ። ግንበኞቹ መጀመሪያ ቀን ሳቁባቸው። አሁን ቦታውን ያሳዩአቸዋል።